በነጻ መጣ የተባለው ብረት ለበስ መኪና

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



 በሥራ ምክንያት ላልመጡት ወገኖቻችንም ነገሩ እንዲደርሳቸው ይህ ንግግር ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይለጠፋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት የከተማችን ፖሊስ ከፌዴራል መንግሥት በሚገኝ የእርዳታ ገንዘብ አንድ ብረት ለበስ መኪና ለመግዛት ጠይቋል። በሚመጣው የከተማው ምክር ቤት ስብሰባም ድምፅ ይሰጥበታል። አጀንዳውን ያየ ሰው ግን ነገሩ በቀላሉ አይገባውም። ለበረዶ ወራት ከሚገዛው ጨውና ከጎርፍ ቦይ ጥገና መካከል፣ በአንድ መስመር ብቻ «የእርዳታ ገንዘብ ስለ መቀበል» ተብሎ ተጽፏል። «ብረት ለበስ» የሚለው ቃል ያለው ከአባሪው ወረቀት ውስጥ ነው። እኛም ያወቅነው አንድ የማኅበራችን አባል ወረቀቱን ገልጦ ስላነበበ ነው እንጂ ማንም መጥቶ አልነገረንም።

ባለፈው ወር ነገሩን ስናነሣ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ተሰማ። ሌሊት ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚሠራ አንድ ወንድማችን «እኔ ሽጉጥ ተደቅኖብኝ ያውቃል። ፖሊስ ታንክ ቢኖረውስ ምን ቸገረኝ፤ ብቻ ቶሎ ይድረስልኝ!» አለ። አንዲት እናት ደግሞ «ልጆቼን ይዤ እዚህ አገር የመጣሁት እንዲህ ያለውን ነገር መንገድ ላይ ላለማየት ነበር» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ኮሚቴውም ለአንዱ አድልቶ ሌላውን ዝም ማሰኘት አልፈለገም። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ ነገሩን ስናጣራ ሰነበትን። የዛሬው ንግግራችን ያገኘነውን ለእናንተ ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሃታችን እንናገር። ዕድሜው የገፋው ወገናችን በ1974 በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የቆሙትን ታንኮች ያስታውሳል። ከእሱ የሚያንሰው ደግሞ በ2005 ከምርጫው በኋላ የሆነውን አይቷል። ብረት ለበስ ሲባል ሆዳችን የሚረበሸው በከንቱ አይደለም። ዳሩ ግን ፍርሃት ብቻውን ክርክር አይሆንም። ምክር ቤት ቀርቦ «ያስፈራናል» ማለት ይቻላል፤ «ማን ያዘዋል? ለምን ሥራ ይወጣል? ስንት ያስወጣል?» ብሎ መጠየቅ ግን የበለጠ ይሰማል።

ዕቃውንም እንወቀው። በአሜሪካ ፖሊሶች ዘንድ በብዛት የሚገዛው «ቤርካት» የሚባለው ነው። የሚሠራው በማሳቹሴትስ ስቴት፣ ፒትስፊልድ ከተማ፣ ሌንኮ በተባለ ፋብሪካ ነው። ከሥሩ የፎርድ የጭነት መኪና ነው፤ ከላዩ ግን ጥይት የማይበሳው ወፍራም ብረትና መስተዋት ለብሷል። 10 ያህል ፖሊሶች ይይዛል። መድፍ የለውም፤ ታንክም አይደለም። ይህን ሳናውቅ ተነሥተን «ታንክ መጣብን» ብንል ስቀውብን ያሰናብቱናል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? መንገዱ ሁለት ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያደባልቀዋል። አንደኛው የጦር ሠራዊቱ ትርፍ ዕቃ ነው። ይህ ለ1990 የበጀት ዓመት በወጣ ሕግ ተጀምሮ ለ1997 የበጀት ዓመት በወጣው ሕግ «1033» በሚባለው አንቀጽ የጸና ሲሆን፣ በመጀመሪያ ዋጋው ሲተመን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ለፖሊስ ተላልፎበታል። ዕቃው በነጻ ይሰጣል፤ ማጓጓዣውንና ጥገናውን ግን ተቀባዩ ይችላል። ሁለተኛው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አደጋ በኋላ የተቋቋመው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር የሚሰጠው የእርዳታ ገንዘብ ነው። በዚህኛው ፖሊስ አዲስ መኪና ከፋብሪካ ይገዛል። የእኛ ከተማ የጠየቀው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ገንዘቡ የተመደበው ሽብርን ለመከላከል ስለሆነ፣ የሚያመለክት ከተማ «የሚያሰጋን ነገር አለ» ማለት የግድ ይሆንበታል። ምንም ያህል ጸጥ ያለች ከተማ ብትሆን ከራሷ ውስጥ ስጋት ፈልጋ መጻፍ አለባት። ታዲያ ምን ይጻፋል?

በኒው ሃምፕሸር ስቴት ኪን የምትባል 23 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። ፖሊሷ ቤርካት ለመግዛት 285 ሺህ ዶላር ያህል እርዳታ ሲጠይቅ፣ በማመልከቻው ውስጥ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል ከተባሉት ነገሮች አንዱ በየዓመቱ የሚደረገው የዱባ በዓል ነበር። አዎን፣ የዱባ በዓል! ምክር ቤቱ በ2011 መጨረሻ ገንዘቡን ተቀበለ። ብዙው ነዋሪ ነገሩን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። በ2012 መጀመሪያ ሰው ተሰብስቦ ተቃወመ፣ ተከራከረ። መኪናው ግን ተገዛ። እርግጥ ነው፣ በኦክቶበር 2014 በዚያው በበዓሉ ሰሞን ብጥብጥ ተነሥቶ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ እስከ መተኮስ ደርሷል። ነገር ግን ያ የሰከሩ ወጣቶች ጠርሙስ የወረወሩበት ረብሻ እንጂ ገንዘቡ የተሰጠበት ሽብር አልነበረም።

በ2013 ደግሞ የዚያው ስቴት ዋና ከተማ ኮንኮርድ 258 ሺህ ዶላር ያህል ለተመሳሳይ መኪና ጠየቀች። በማመልከቻዋ ላይ በስም የተጠቀሱት ስጋቶች በፖለቲካ አስተሳሰባቸው የሚታወቁ፣ በየአደባባዩ ሐሳባቸውን የሚገልጹ ቡድኖች ነበሩ። ነዋሪው ተቆጣ፤ ምክር ቤቱ ግን ገንዘቡን ተቀበለ።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመጣል። የእኛ ከተማ ማመልከቻ ማንን ስጋት ብሎ ጽፎ ይሆን? በየዓመቱ የምናደርገውን የመስቀል ደመራ? በየጊዜው ስለ አገራችን ጉዳይ የምንወጣውን ሰላማዊ ሰልፍ? ወይስ ምንም? ማመልከቻው ስላልታየን ክፉ ነገር ተጽፏል ማለት አንችልም። ይነበብልን ማለት ግን እንችላለን።

አሁን ደግሞ ለነዳጅ ማደያው ወንድማችን ሐሳብ የሚገባውን ክብር እንስጥ። እንዲህ ያለው መኪና ሕይወት ያተረፈበት ቀን አለ። በጁን 2016 በፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ አንድ ታጣቂ በምሽት ክበብ 49 ሰው በገደለ ጊዜ፣ ፖሊስ ግድግዳውን ጥሶ የታገቱትን ያስወጣው በቤርካት ነው። በዲሴምበር 2015 በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ፣ 14 ሰው የገደሉትን ሁለት ታጣቂዎች በመጨረሻ ሲገጥሙ ፖሊሶቹ ከብረት ለበስ ጀርባ ተከልለው ነበር። ይህንን መካድ አይገባም። ፖሊሱም የሰው ልጅ ነው፤ እሱንም ማታ የሚጠብቁት ልጆች አሉት።

ነገር ግን ሌላውንም ቀን አንርሳ። በሜይ 2022 በቴክሳስ፣ ዩቫልዲ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን በተገደሉበት ቀን 376 የጸጥታ ሰዎች ደርሰው ነበር። ያም ሆኖ ገዳዩ እስኪገታ 77 ደቂቃ ወሰደ። ያን ቀን የጎደለው ብረት አልነበረም። የጎደለው አመራርና ውሳኔ ነበር።

ከዚህም ሌላ፣ ሌሊት ሽጉጥ ተደቅኖብን 911 ስንደውል የሚመጣው ተራው የጥበቃ ፖሊስ ነው። ብረት ለበሱ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው፤ የሚወጣው ልዩው ጓድ፣ «ስዋት» የሚባለው፣ ሲጠራ ነው። ስለዚህ «ቶሎ ይድረስልኝ» ለሚለው ጥያቄ ይህ መኪና መልሱ አይደለም። ወንድማችንም ይህን ሲሰማ «ታዲያ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው» ብሎናል።

ታዲያ መኪናው በአብዛኛው ለምን ይወጣል? የቆየ ታሪክ እናንሣ። በፌብሩዋሪ 1985 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በፓኮይማ ሠፈር አንድን ቤት በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ደረመሰ። አደንዛዥ ዕፅ ይሸጥበታል ተብሎ ነበር። ውስጥ የተገኙት ሁለት ሴቶችና ሦስት ልጆች ነበሩ። የጦር መሣሪያ አልተገኘም፤ የተገኘውም ዕፅ እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1987 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ በዚያ ተሽከርካሪ ቤት ለመደርመስ አስቀድሞ ከዳኛ ፈቃድ ማግኘት አለበት ሲል ወሰነ። ልብ በሉ፣ ደንቡ የመጣው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ወደ ብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ወደ ሜሪላንድ እንምጣ። በጁላይ 2008 በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ በርዊን ሃይትስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የስዋት ፖሊሶች በተሳሳተ ጥርጣሬ የከንቲባውን ቤት ሰብረው ገቡ። ሁለት ውሾቻቸውን ገደሉ፤ እሳቸውንና አማታቸውን በካቴና አሰሩ። ሰውየው ምንም ወንጀል አልነበረባቸውም። እሳቸው ግን ከንቲባ በመሆናቸው ጮኸው ተሰሙ። በ2009 ስቴቱ የስዋት ጓድ ያለው ፖሊስ ሁሉ በየስድስት ወሩ ምን እንደሠራ ሪፖርት እንዲያደርግ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። ሕጉ በ2014 ጊዜው አልፎ ቀረ። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት የተሰበሰበው መዝገብ ብዙ አስተማረ። ጆናታን ሙሞሎ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ምሁር መርምረውት በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ስዋት ከወጣባቸው ጊዜያት ወደ 90 ከመቶው የብርበራ ማዘዣ ለማስፈጸም እንጂ ታጋች ለማስለቀቅ ወይም ታጥቆ የመሸገን ሰው ለመያዝ አልነበረም። በጥቁሮች መኖሪያ አካባቢዎችም የበለጠ ይወጣ ነበር። ወንጀልን ስለ መቀነሱም ሆነ የፖሊሶቹን ደኅንነት ስለ መጨመሩ ምሁሩ ማስረጃ አላገኙበትም።

የፈርጉሰንንም ነገር ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በኦገስት 2014 ማይክል ብራውን የተባለ ወጣት በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ሕዝቡ ሲወጣ ብረት ለበሱ ፊት ለፊት ቆመ። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ያስወጣው ግምገማ፣ በሰልፈኛው ፊት እንዲህ ያለውን የጦር ዕቃ ማሰለፍ ቁጣውን እንዳባባሰው ገልጧል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። መኪናው በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ለክፉ ቀን ተብሎ ይገዛል፤ ክፉ ቀን ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም። ዕቃው ደግሞ ቆሞ መዋል አይወድም። ደንብ ካልተጻፈለት ለማዘዣውም፣ ለሰልፉም፣ ለበዓሉም ይወጣል። ስለዚህ የሚያሳስበን ብረቱ ሳይሆን ልጓሙ ነው።

«ዋሽንግተን ደንብ ያወጣል» የሚል ይኖራል። እስቲ እንይ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2015 አንዳንድ የጦር ዕቃዎች ለፖሊስ እንዳይሰጡ ከለከሉ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2017 ያንን ሻሩት። ፕሬዚዳንት ባይደን በ2022 እንደገና ገደብ አደረጉ። ያም በጃንዩዋሪ 2025 ተሻረ። በላይ የሚጻፈው በየምርጫው ይፋቃል። ለከተማችን መኪና ከተማችን ራሷ ደንብ ካላወጣች ሌላ ማንም አያወጣላትም። ይህም የማይቻል አይደለም። በካሊፎርኒያ በ2021 የወጣው ሕግ፣ ፖሊስ እንዲህ ያለ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የአጠቃቀም ደንብ ጽፎ በአደባባይ ስብሰባ እንዲያስጸድቅ፣ በየዓመቱም ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እዚያው ካሊፎርኒያ የዴቪስ ከተማ ምክር ቤት በኦገስት 2014፣ ከጦር ሠራዊቱ በነጻ የመጣውን ከባድ ብረት ለበስ መልሱ ብሎ ፖሊሱን አዟል። የተሰጠን ሁሉ መቀበል ግዴታ አይደለም ማለት ነው።

«በነጻ ነው» ስለሚባለውም አንድ ቃል። እርዳታው መግዣውን ይከፍላል። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ማቆሚያውን፣ የነጂዎቹን ሥልጠና ግን በየዓመቱ የሚከፍለው የከተማው በጀት ነው። የከተማው በጀት ማለት ደግሞ የእኛው ግብር ነው። በሠርግ ቀን የተሰጠ በሬ ቢሆን እንኳ ሣሩን የሚያጭደው ተቀባዩ ነው።

የሚነሡብንን መቃወሚያዎችም እናውቃለን። አንደኛ፣ «እኛ ካልወሰድነው ሌላ ከተማ ይወስደዋል፤ ገንዘቡ ወደ ትምህርት ቤት አይዞርም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይዞርም። ነገር ግን ሌላው ስለሚወስደው ብቻ የማያስፈልግን ነገር መውሰድ ብልኅነት አይደለም። ሁለተኛ፣ «ፖሊስን ጠላት ታደርጋላችሁ» ይባላል። አይደለም። የምንጠይቀው ከፖሊስ ጋር መኖር ስለምንፈልግ ነው። ልጆቻችን ፖሊስ ሲያዩ እንዲሮጡ ሳይሆን ሰላም እንዲሉ እንፈልጋለን። ሦስተኛው ከራሳችን የሚመጣው ነው፤ «ሰው አገር ነው ያለነው፣ ምን አገባን? ዝም አይነቅዝም» የሚለው። ወገኖቻችን፣ ግብር የምንከፍልበት፣ ልጅ የምናስተምርበት፣ ሙታናችንን የቀበርንበት ሠፈር የሰው ሠፈር አይደለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምተን አድገን የለም ወይ?

ስለዚህ ኮሚቴው ለምክር ቤቱ እንዲቀርቡ ያዘጋጃቸው ጥያቄዎች አምስት ናቸው።

1ኛ. የእርዳታው ማመልከቻ ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ ይታይ። ማንንና ምንን ስጋት ይላል?

2ኛ. ባለፉት 5 ዓመታት በከተማችን እንዲህ ያለ መኪና በእርግጥ ያስፈለገበት ስንት ጊዜ ነበር? ሲያስፈልግ ከካውንቲው ወይም ከጎረቤት ከተማ መጥራት አይቻልም ወይ?

3ኛ. ከግዢው በኋላ ያለው ወጪ በዓመት ስንት ነው? ከየትኛውስ የበጀት ርዕስ ይወጣል?

4ኛ. እንዲወጣ የሚያዝዘው ማን ነው? ለሰላማዊ ሰልፍ፣ ለበዓልና ለተራ ብርበራ እንዳይወጣ በጽሑፍ ይከለከላል ወይ?

5ኛ. በወጣ ቁጥር መቼ፣ የት፣ ለምን እንደወጣ በየዓመቱ በአደባባይ ይነገራል ወይ? ደንቡ ቢጣስስ ምን ይደረጋል?

የኮሚቴው አቋም ይህ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ድምፁ ይዘግይ እንላለን። መልስ ከተከለከልን ግን ገንዘቡን አትቀበሉ እንላለን። በዚህ የማይስማማ አባል ካለ ያው መድረኩ የእሱም ነው፤ ቀርቦ የራሱን ይናገር። ዋናው ነገር ከድምፁ በፊት መናገሩ ነው። የኪን ሰዎች ጨዋና ብርቱ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው ጊዜ ብቻ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።

በተግባርስ ምን እናድርግ? በከተማችን ምክር ቤት ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም፤ ስም አስመዝግቦ ሦስት ደቂቃ መናገር ይቻላል። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች አስተርጓሚ እንዲመደብ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ደብዳቤ አስገብተናል። መናገር የማይፈልግ ሰው መጥቶ ቢቀመጥ ራሱ ንግግር ነው፤ ባዶ ወንበርና የሞላ ወንበር አንድ አይደሉም። መኪና ያላችሁ ለሌላችሁ ቦታ እንድትሰጡ፣ ወጣቶች ደግሞ በዚያ ምሽት እዚህ አዳራሽ ሕፃናትን እንድትጠብቁ እንለምናለን። ስማችሁን ከሰሌዳው ሥር ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በመጨረሻም የምሥራች አለን። ባለፈው ወር የተከራከሩት ሁለቱ አባሎቻችን፣ የነዳጅ ማደያው ወንድማችንና እኒያ እናት፣ ሁለቱም በዚያ ምሽት ለመናገር ስማቸውን አስመዝግበዋል። እሱ «ሌሊት ስደውል ፖሊስ በስንት ደቂቃ ይደርስልኛል?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው «መኪናው በልጆቼ መንገድ ላይ መቼ ይወጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። የሁለቱም ጥያቄ ጸጥታችን ነው። ምክር ቤቱ ለሁለቱም መልስ አለበት።

 በስብሰባው ዕለት አንድም ሰው እንዳይቀር!

የሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ